ሰኞን የሚዘጉ ትምህርት ቤቶች

በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ካንሳስ ሲቲ አጠገብ፣ ኢንዲፔንደንስ የምትባል ከተማ አለች። በከተማዋ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሚማሩት ወደ 14 ሺህ የሚጠጉ ልጆች እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ሰኞ ሰኞ ክፍል አይገቡም። ሳምንታቸው ማክሰኞ ጀምሮ ዓርብ ያልቃል፤ ለቀረው ቀን ማካካሻ የአራቱ ቀናት ትምህርት ረዘም እንዲል ተደርጓል። የትምህርት አስተዳደሩ ለዚህ የሰጠው ምክንያት መምህራንን መሳብና ያሉትን ማቆየት ነበር። ሚዙሪ በጀማሪ መምህር ደመወዝ ከአሜሪካ ግዛቶች ግርጌ ላይ ከሚሰለፉት አንዷ ሆና ቆይታለች። ከጎረቤት እኩል መክፈል ያቃተው አስተዳደር በገንዘብ ፈንታ ቀን ይሰጣል።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። በ1973 የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ፣ ተማሪዎቻቸውን በአውቶቡስ ከሩቅ የሚያመላልሱ የገጠር ትምህርት ቤቶች ክፉኛ ተጨነቁ፤ በኒው ሜክሲኮ የምትገኘው ትንሿ ሲማሮን በዚያን ጊዜ ወደ አራት ቀን ከዞሩት ቀዳሚዎቹ ውስጥ ነበረች። ከ2008 የኢኮኖሚ ድቀት በኋላ ተከታዮቿ በዙ። አሁን ከ20 በላይ በሆኑ ግዛቶች ከ2 ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች ሳምንታቸው አራት ቀን ነው። አብዛኞቹ ጥቂት ተማሪ ያላቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች ናቸው። በኮሎራዶማ ከትምህርት ዲስትሪክቶቹ ከግማሽ በላይ ይህን መንገድ መርጠዋል።

ከአምስት ቀን አንዱ ሲቀነስ ወጪውም በአምስተኛ እጅ የሚቀንስ ይመስላል። ሆኖም በ2011 የወጣ አንድ ጥናት ስድስት ዲስትሪክቶችን መርምሮ፣ በተግባር የተቆጠበው ከጠቅላላ በጀቱ ከ0.4 እስከ 2.5 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የትምህርት ቤት ትልቁ ወጪ ደመወዝ ነው፤ የመምህሩ ደመወዝ ደግሞ አይነካም። የሚቀረው የአንድ ቀን ነዳጅ፣ የአንድ ቀን መብራትና ማሞቂያ፣ የሾፌሮች፣ የጽዳት ሠራተኞችና የምግብ አብሳዮች ክፍያ ነው። ከቁጠባው ከፊሉ የወጣው ዝቅተኛ ደመወዝ ካላቸው ሰዎች ኪስ ነው ማለት ነው፤ ይህ በስብሰባ ላይ ብዙም ሲነሳ አይሰማም።

ልጆቹስ? እዚህ ላይ ማስረጃው አንድ ወጥ አይደለም፤ ግን ጠጋ ብሎ ላየው መልክ አለው። በ2015 የታተመ የኮሎራዶ ጥናት የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች የሂሳብ ውጤት ከለውጡ በኋላ ከፍ ማለቱን አግኝቶ ብዙዎችን አስደስቶ ነበር። በኦክላሆማ የተደረገ ሌላ ጥናት በትምህርት ውጤት ላይ የጎላ ልዩነት አላየም፤ እንዲያውም በተማሪዎች መካከል ያለው ጠብና ጉልበተኝነት ቀንሶ ነው ያገኘው። የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲው የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ፖል ቶምፕሰን ግን የኦሪገንን ተማሪዎች ውጤት ለዓመታት ተከታትሎ በሂሳብም በንባብም መውረዱን አሳየ። የቁልቁለቱን መጠን በምናውቀው የደረጃ አቆጣጠር እንየው፦ ከመቶ ተማሪዎች 50ኛ የነበረ ልጅ 52ኛ አካባቢ ይሆናል። ለአንድ ልጅ ይህ ትንሽ ነው። ለሺዎች፣ ለዚያውም ዓመት ከዓመት ሲሆን፣ ትንሽ ልለው አልችልም።

ጥናቶቹን የሚለያያቸው ዋናው ነገር ሰዓት ይመስለኛል። ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም በ2021 ባወጣው ሰፊ ጥናት፣ የአራት ቀን ትምህርት ቤቶች ቀን በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል እንደሚረዝም፣ በዓመት የሚያስተምሩት ግን ከ180 ቀን ገደማ ይልቅ 148 ያህል መሆኑን ጽፏል። ሲደመርና ሲቀነስ ተማሪው በዓመት 58 ሰዓት ያህል ያጣል። በኦሪገን የጠፋው በሳምንት ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ስለነበር ጉዳቱ ጎልቶ ታየ። ቶምፕሰን ከባልደረባው ጋር 12 ግዛቶችን ባነጻጸረበት ጥናትም ውጤታቸው በግልጽ የወረደው የማስተማሪያ ሰዓታቸው ዝቅተኛ የሆነ ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ ሰዓቱን ባልነኩት ዘንድ ጉዳቱ እምብዛም ነው። ሌላ ጥናት ደግሞ ጉዳቱ ከገጠር ይልቅ በከተማና በከተማ ዳርቻ እንደሚብስ አግኝቷል።

ለእኛ አንባቢ ይህ ባዕድ ነገር አይደለም። በፈረቃ የተማረ ሁሉ፣ ክፍሉና መምህሩ ያው ሆነው ሰዓቱ ሲያጥር ምን እንደሚቀር ያውቃል፦ መልመጃው ቤት ይሠራ ይባላል፣ የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ሳይነኩ ዓመቱ ያልቃል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ባዶው ቀን ራሱ ነው። ከዴንቨር ሰሜን ምሥራቅ፣ ብራይተንን የሚያጠቃልለው 27ጄ የተባለው የኮሎራዶ ዲስትሪክት በ2018 ሰኞን ሲዘጋ ወደ 18 ሺህ ተማሪዎች ነበሩት። መራጮች የግብር ጭማሪውን ደጋግመው ውድቅ ስላደረጉበት መምህራኑን በደመወዝ ማቆየት አልቻለም። ለትንንሾቹ የሰኞ መዋያ አዘጋጀ፤ ዋጋው በቀን 30 ዶላር ነበር። ሁለት ልጅ ያላት እናት በወር 240 ዶላር ትከፍል ነበር ማለት ነው። በዴንቨርና በኦሮራ አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ በሰዓት ተከፋይ ሆነው በሺፍት ለሚሠሩ ወላጆች እንዲህ ያለ ሰኞ ምን እንደሚያስከትል መዘርዘር አያስፈልግም። ያገቡ እናቶች ሥራ የመሥራት ዕድል በዚሁ ሥርዓት ምክንያት እንደሚቀንስ የሚያሳይ ጥናትም አለ። በገጠር ኮሎራዶ የአራት ቀን ሳምንት የወጣቶችን ወንጀል፣ በተለይ ስርቆትን፣ በ20 በመቶ ገደማ ማሳደጉን የሚጠቁምም አለ። ቁርሱንና ምሳውን ትምህርት ቤት ለሚበላ ልጅ ደግሞ ሰኞ ዝግ ማለት ሦስት ቀን ያለ ትምህርት ቤት ምግብ ማደር ነው። የአዲስ አበባ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ሲጀመር ምን እንደለወጠ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ አያልፈውም።

በገጠሩ ትምህርት ቤት ላይ ልፍረድ አልልም። ጥርስ ሐኪም ሁለት ሰዓት በሚያስነዳበት፣ ስፖርተኞቹ ለጨዋታ ግማሽ ቀን በሚጓዙበት ስፍራ ዓርብ ድሮም ግማሽ ክፍሉ ባዶ ነው። ወላጆቹም በአብዛኛው ይደግፉታል፤ ለራንድ ተመራማሪዎች የሰጡት መልስ ይህን ያሳያል። በከተማ ግን ምክንያቱ የግብር ከፋዩ እምቢታ ነው፤ ዕዳውንም የሚከፍለው ድምፅ የማይሰጠው ልጅ ነው።

ሚዙሪ በ2024 ባወጣችው ሕግ ከ30 ሺህ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞችና በአንዳንድ ትልልቅ ካውንቲዎች ያሉ ዲስትሪክቶች ወደ አራት ቀን ለመዞር የሕዝብ ድምፅ እንዲያገኙ ታስገድዳለች፤ ኢንዲፔንደንስን የመሰሉ ቀድመው የዞሩትም እስከ 2026 አጋማሽ ድረስ ካላስጸደቁ ወደ አምስት ቀን እንዲመለሱ ሕጉ ደንግጓል። እንዲህ ያለ ምርጫ የሚጠብቀው ወላጅ ከትምህርት ቦርዱ በቁጥር የተጻፈ መልስ ይጠይቅ፦ ልጄ ዘንድሮ በዓመት ስንት ሰዓት ይማራል፣ ከለውጡ በኋላስ ስንት? ሰኞ ማን ያውለዋል፣ ምሳውንስ ማን ያበላዋል?