ከመጥረቢያው ጋር ፋሻም ይያዝ

ሎሎጎ፣ ጁባ፦ ጎህ ሲቀድ መጥረቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ጫካ የሚሄዱ ወገኖቻችንን በየቀኑ እናያቸዋለን። አንዱ ውሃ በሃይላንድ ይዟል። ሌላው ገመድና ሞረድ ይዟል። ሌላው ደግሞ ለምሳ የሚሆነውን ዳቦ በፌስታል ቋጥሯል። ደም ማቆሚያ የያዘ ግን የለም ማለት ይቻላል። ይህን ጽሁፍ ያስጻፈንም እሱ ነው።

አንድ ጎረቤታችን የገጠመውን እናውጋችሁ። ልጁ የወደቀ ዛፍ ቅርንጫፍ ሲመለምል መጥረቢያው ቋጠሮ ነካና ተንሸራቶ ከጉልበቱ በታች መታው። ደሙ ፊን እያለ ወጣ። አብሮት የነበረው ጓደኛው ደነገጠ፣ የሚያደርገው ጠፋው። መጀመሪያ አፈር ዘግኖ ቁስሉ ላይ ሊያደርግ ነበር። ደግነቱ በአካባቢው ማገዶ የሚሰበስቡ፣ ድሮ በአገር ቤት ወታደር የነበሩ አንድ አዛውንት ጩኸቱን ሰምተው ደረሱ።

«ጋሼ፣ ሮጬ ቡና ላምጣ? የተፈጨ ቡና ቤት አለ» አላቸው ጓደኛው።

«ተው ልጄ፣ ቡናውን ኋላ ትጠጣዋለህ። አሁን ሁለት እጅህን አምጣና እዚህ ጋ ተጫን። አትልቀቅ!» አሉት።

እሱ ሲጫን እሳቸው የአንገት ልብሳቸውን ቀደው በእንጨት አጥብቀው አሰሩት። ልጁ ሆስፒታል ደርሶ ተሰፋ፣ ዛሬ በእግሩ ይሄዳል። ጋሼ ባይደርሱስ ኖሮ? ያን ቀን ሁለቱ ልጆች የያዙት መጥረቢያና ውሃ ብቻ ነበር።

ደም ጊዜ አይሰጥም

የአንድ አዋቂ ሰው ደም በአማካይ 5 ሊትር ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ 2 ሊትር ያህሉ ከፈሰሰ ነፍሱ አደጋ ላይ ነች። ባለ ሁለት ሊትሩን ሃይላንድ አስቡት፤ እሱ ሙሉ ደም መሬት ላይ ሲፈስ ማለት ነው። ጭን ውስጥ ያለው ትልቁ የደም ስር ከተቆረጠ ደግሞ ሰው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ ሊሞት ይችላል።

እስቲ እናስላው። የተጎዳውን ሰው ከጫካው እስከ መንገዱ ተሸክሞ ማውጣት ብቻ ከ5 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ከዚያ ቦዳ ቦዳ ወይም ራክሻ መፈለግ አለ። ከዚያ እስከ ጁባ ቲቺንግ ሆስፒታል መንገዱ አለ፤ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ጭቃው አለ። በየካምፑ ያላችሁ አንባቢዎቻችንም የእናንተን ክሊኒክ ርቀት ታውቁታላችሁ። ሐኪም የሚያድነው ደሙ ሳያልቅ የደረሰለትን ሰው ነው። ደሙን ሳያልቅ የሚያደርሰው ደግሞ ሐኪሙ ሳይሆን አጠገቡ ያለው ጓደኛው ነው። ስለዚህ ደም ማቆሚያው መገኘት ያለበት ክሊኒክ ውስጥ ወይም ቤት በተንጠለጠለ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን በቆራጩ ወገብ ላይ ነው።

ዛፍ ቆራጭ የት ይጎዳል?

መጥረቢያ የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ቅልጥምንና የእግር መዳፍን ነው። ስለቱ ቋጠሮ ወይም ደረቅ እንጨት ሲያገኝ ተንሸራቶ ወደ ቆራጩ እግር ይመጣል። ክፍት ጫማ ያደረገ ሰው ደግሞ ምንም መከላከያ የለውም። እዚህ አገር ፓንጋ የሚሉት ቆንጨራ ቅርንጫፉን የያዘውን እጅ ይመታል።

የሞተር መጋዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰንሰለቱ በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ ይሮጣል። የመጋዙ ጫፍ፣ በተለይ የላይኛው ክፍል፣ ሳይታሰብ እንጨት ከነካ መጋዙ ዘሎ ወደ ሰውየው ፊት፣ አንገትና ትከሻ ይመለሳል። ወደ ታች ከመጣ ደግሞ የሚያገኘው ጭን ነው። ይህ መሣሪያ ሥጋውን ቦጫጭቆ ስለሚቀድ ቁስሉ እንደ ቢላ ቁስል አይደለም፣ ሰፊ ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋው ዛፍ ላይ ወጥቶ የሚመለምለው ነው። በግቢ ውስጥ ያለ ትልቅ ማንጎ ለመቁረጥ የሚወጣ ሰው ላይ ሆኖ ቢቆረጥ፣ ታች ያለው ጓደኛው ቶሎ አይደርስለትም። ሁለቱም እጆቹ በቀላሉ በሚደርሱበት ቦታ፣ በራሱ ወገብ ላይ ካልያዘ ሌላ የሚያቀብለው የለም። በእንግሊዝ አገር የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ በሞተር መጋዝ የሚሠራ ሰው ትልቅ የቁስል ፋሻ ያለበት የግል የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ እንዲይዝ የሚመክረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይታሰር ወይስ አይታሰር?

ከዚህ በፊት የመጀመሪያ እርዳታ ኮርስ የወሰዳችሁ «እግርና እጅ ማሰር ክልክል ነው፣ እግሩ ይቆረጣል» ተብሎ ተነግሯችሁ ይሆናል። ያስተማሯችሁ ሰዎች አልዋሹም፤ የዚያን ጊዜው ትምህርት እንደዚያ ነበር።

ቱርኒኬት የሚባለው ማጥበቂያ ማሰሪያ የቆየ ነገር ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ሉዊ ፔቲ በብሎን የሚጠብቀውን የሠራው በ1718 እ.ኤ.አ. ነው። በኋላ ግን በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች አላግባብ ታስሮ ለረጅም ሰዓት የተተወ ብዙ ስለነበር ስሙ ጠፋ። መጻሕፍቱም «ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ» ማለት ጀመሩ። ሐሳቡን የለወጠው ከ2001 እ.ኤ.አ. በኋላ በአፍጋኒስታንና በኢራቅ የተደረገው ጦርነት ነው። ማሰሪያው ቶሎ የታሰረላቸው ቁስለኞች እንደሚተርፉ፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሐኪም ዘንድ ከደረሱም እግራቸው በማሰሪያው ምክንያት እንደማይጠፋ ታየ። በጥቅምት 2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ይህንኑ ለተራው ሰው የሚያስተምር «ደሙን አቁም» የተባለ ዘመቻ ተጀመረ።

ዛሬ የሚባለው እስከ 2 ሰዓት ድረስ ማሰሪያው ጉዳቱ ትንሽ ነው የሚል ነው። ሐኪሞች ራሳቸው እግርና እጅ ኦፕራሲዮን ሲያደርጉ ደም እንዳይፈስ ያስሩ የለም እንዴ? እግር ይቆረጣል ብሎ ፈርቶ ሰውየውን ማጣት ትርፍ የለውም። ግን ለትንሽ ቁስል አይታሰርም። የሚታሰረው ደሙ ፊን ሲል፣ መሬት ላይ ሲያቁር ወይም በመጫን አልቆም ሲል ነው።

ምን እንያዝ?

ውድ ነገር አላልንም። በአንዲት ትንሽ ቦርሳ የሚገባ ነው፦

1ኛ/ ሁለት ወይም ሦስት ጥቅል ፋሻና ንጹህ ጎዝ። ካልተገኘ ታጥቦና በፀሐይ ደርቆ የታጠፈ የጥጥ ጨርቅ።

2ኛ/ ማሰሪያ። ፋብሪካ የሠራው ቱርኒኬት ከተገኘ እሰየው። ካልተገኘ ስፋቱ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር የሚያልፍ ጠንካራ ጨርቅና የማይሰበር አጭር እንጨት። ገመድ፣ ሽቦና የጫማ ክር አይሆኑም፤ ሥጋ ይቆርጣሉ እንጂ ደም አያቆሙም።

3ኛ/ ጓንት። ከሌለ ሁለት ንጹህ ፌስታል እጅ ላይ ይጠለቃል። የሰው ደም በባዶ እጅ ባይነካ ይመረጣል።

4ኛ/ እስኪብርቶ፣ የታሰረበትን ሰዓት ለመጻፍ።

ሁሉንም ውሃ እንዳይገባው በፌስታል ጠቅልሉት፤ ከሩቅ የሚታይ ቀይ ጨርቅ እሰሩበትና ቀበቶ ላይ አንጠልጥሉት። አብሯችሁ የሚሄደው ሰው የት እንዳለ ይወቅ።

እንዴት ይሠራበታል?

መጀመሪያ መጋዙ ይጥፋ፣ መጥረቢያው ይራቅ። ሁለት ቁስለኛ ከመሆን ይሰውረን። ቀጥሎ ልብሱን ገልጣችሁ ወይም ቀዳችሁ ደሙ የሚወጣበትን ቦታ እዩ። ጨርቁን በቁስሉ ላይ አድርጋችሁ በሁለት እጅ፣ በሰውነታችሁ ክብደት ተጫኑ። ቆመ አልቆመ እያላችሁ በየደቂቃው አትግለጡት።

በእጅና በእግር ላይ ሆኖ ደሙ ከበረታ፣ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ እሰሩ። ጉልበትና ክርን ላይ ግን አይታሰርም፤ ቁስሉ እዚያ አጠገብ ከሆነ ከመገጣጠሚያው በላይ ይሁን። ጨርቁን ቋጥራችሁ እንጨቱን በቋጠሮው ላይ አስሩና ደሙ እስኪቆም ድረስ አዙሩት። ቆመ ሲባል እንጨቱ እንዳይፈታ ጫፉን እሰሩት። ሰውየው ይጮሃል፣ በጣም ያማል። ይጩህ እንጂ አትላሉ። ካልቆመ ከበላዩ ሁለተኛ እሰሩ። ሰዓቱን ግንባሩ ወይም ክንዱ ላይ ጻፉ። የሚፈታው ሐኪም ብቻ ነው።

ብሽሽትና ብብት ሊታሰሩ አይችሉም። እዚያ ጎዙን ወይም ጨርቁን በጣታችሁ ቁስሉ ውስጥ እስከ ታች ጠቅጥቃችሁ ሐኪም ጋ እስክትደርሱ ተጫኑ። አንገት ላይ ደግሞ ተጫኑ እንጂ ዙሪያውን አትጠምጥሙ።

ከዚያ አስተኝታችሁ አልብሱት። የጁባ ሙቀት እያለ ጋቢ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ደሙ የፈሰሰ ሰው ግን ቶሎ ይበርደዋል፤ የበረደው ሰው ደሙም ቶሎ አይረጋም። የሚበላም የሚጠጣም አትስጡት፤ ኦፕራሲዮን ሊያስፈልገው ይችላል።

ቡናው ይቅር

በአገራችን ቁስል ላይ የተፈጨ ቡና፣ አመድ ወይም አፈር ማድረግ የተለመደ ነው። እናቶቻችን ያደረጉት ልጃቸውን ለማዳን ብለው ነው፣ አንወቅሳቸውም። ነገር ግን ፊን የሚል ደም ቡና አያቆመውም፤ ደቂቃውን ብቻ ይበላል። አፈርና አመድ ደግሞ ቁስሉን ያመረቅዛሉ፣ መንጋጋ ቆልፍም ያመጣሉ። ስለዚህ ቁስሉ ትንሽም ቢሆን ክሊኒክ ሄዳችሁ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጠይቁ። ቁስሉ ውስጥ ተሰክቶ የቀረ እንጨት ወይም ብረት ካለም አትንቀሉት፤ በዙሪያው ተጫኑ።

ብቻውን የሚሄድ አይኑር

በዳገትና በቆላ ባህር ዛፍ ስንጥል፣ ማገዶ ስንለቅም ያደግን ሰዎች ነን። «መጥረቢያ ለኔ?» የሚል ብዙ ነው። መጥረቢያ ግን የለመደውንም አይምርም። ማገዶ የሚለቅሙት እናቶችና እህቶችም ቆንጨራ ይይዛሉና ይህ የወንዶች ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አምስት ሆናችሁ የምትሠሩ እንደ እቁብ ትንሽ ትንሽ አዋጥታችሁ አንድ ጥሩ ቱርኒኬት መግዛት ትችላላችሁ። ፋሻውን ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ይያዝ። የቀይ መስቀል ወይም የክሊኒክ ሠራተኞች በአካባቢያችሁ የመጀመሪያ እርዳታ ሲያስተምሩ ጊዜ ወስዳችሁ ተማሩ። ከዚያ በፊትም ቢሆን ዛሬ ማታ ከጓደኛችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ማሰርን ተለማመዱ። ጨርቅና እንጨት ይበቃል። ስትለማመዱ ግን እስኪያም ድረስ አታጥብቁት፣ ወዲያው ፍቱት።

ከላይ ያነሳነው ጎረቤታችን ዛሬም እንጨት ይቆርጣል። ቀበቶው ላይ በቀይ ጨርቅ የታሰረች ትንሽ ቦርሳ አለች። ጓደኞቹ መጀመሪያ ሲያዩት «ሐኪም መጣ» እያሉ ይስቁበት ነበር። አሁን ሁለቱ የራሳቸውን ሰፍተዋል። ነገ ጠዋት መጥረቢያችሁን ስታነሱ እናንተም ወገባችሁን ዳስሱ።