«ሌባ» ወደሚባለው ጨዋታ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ መመለስ

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። የዚህን ቃል እውነትነት በአንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ምክንያት ዳግመኛ ስለ ተረዳሁት፥ ልጆች ለሚያሳድጉ አንባቢዎች ጥቂት ልጽፍ ወደድሁ።

ጨዋታው በእንግሊዝኛ «ቲፍ» ይባላል፤ ትርጓሜውም ሌባ ማለት ነው። በአሜሪካ አገር፥ በማሳቹሴትስ ግዛት በካምብሪጅ ከተማ የነበረው ሉኪንግ ግላስ የተባለ ማኅበር ሠርቶት፥ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1998 ዓመት ወጣ። ማኅበሩ በ2000 ዓመት ቢዘጋም፥ በ2012 ዓመት በወጣ ማሻሻያ ምክንያት ጨዋታው በዛሬ ኮምፒዩተርም ይሠራል።

የጨዋታው ጥበብ በመዋጋት ሳይሆን በመሰወር ነው። በኮምፒዩተሩ መስተዋት ግርጌ ያለችው ዕንቍ፥ ጋሬት የተባለው ሌባ በብርሃን ሲቆም ትበራለች፤ በጥላ ሲሰወር ትጨልማለች። በእምነ በረድና በብረት ላይ ሲራመድ ኮቴው ዘበኛውን ያነቃል፤ በምንጣፍ ላይ ግን ይለዝባል። የሚነድደውንም ችቦ በውሃ ፍላጻ ያጠፋል።

በወጣትነቴ ስጫወተው ከሁሉ የሚቀልለውን ደረጃ መርጬ፥ ዘበኞቹን በሰይፍ እየጣልሁ፥ ቶሎ በመጨረሴ በጓደኞቼ ፊት እመካ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን ከሁሉ የሚከብደውን ደረጃ ያዝሁ፤ ይኸውም ማንንም ሰው መግደል የሚከለክል ነው። የመጀመሪያው ሥራ ባፎርድ ከተባለ ጌታ ቤት በዕንቍ ያጌጠ በትር መስረቅ ነው። በጨለማ ቆሜ ስጠብቅ ሁለት ዘበኞች ስለ ድቦች ግጥሚያ ሲጫወቱ ሰማሁ። ይህን ወግ በወጣትነቴ ከቶ አልሰማሁትም፤ ተናግረው ሳይጨርሱ እገድላቸው ነበርና።

ልጄ ካጠገቤ ተቀምጣ ስታይ ቆይታ፥ «አባባ፥ እርስዎ በፍርድ ቤት የሌቦችን ክስ ሲጽፉ ይውላሉ፤ ስለ ምን የሌባ ጨዋታ ይወዳሉ?» አለችኝ።

እኔም፥ «በመዝገብ የምጽፈው ዕቃ ባለቤቱ የሚያለቅስለት ነው፤ የዚህ በትር ባለቤት ግን ሥዕል ነው። የምወደውም መውሰዱን ሳይሆን መታገሡንና ማዳመጡን ነው» አልኋት።

እርስዋም ጥቂት አስባ፥ «እንግዲያስ በትሩን ይተዉለት» አለች። በትሩ ካልተወሰደ ሥራው አይፈጸምምና መልስ አጣሁ። መልስ ባጣም ግን ደስ አለኝ፤ ታግሦ ማዳመጥን ከእኔ ይልቅ እርስዋ ዐውቃዋለችና።

በኋለኞቹ ክፍሎች ሙታን ተነሥተው ሲመላለሱ ስለሚታይ፥ ይህ ጨዋታ ለሕፃናት አይገባም። ለአካለ መጠን ለተቃረበ ልጅ ግን፥ ፈጽሞ ከመከልከልም ዝም ብሎ ከመተውም አብሮ መቀመጥ ይሻላል። የልጅ ጥያቄ የሚነገረው ካጠገቡ የሚሰማው ሰው ሲኖር ነውና።