ንቅለ ተከላ በተደረገላቸው ሕሙማን ላይ እምብዛም የማይታዩ የአንጀት ብግነቶች



በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከተጀመረ ወዲህ፣ በሌላ ሰው ኩላሊት የሚኖሩ ወገኖቻችንን በየሕክምና ተቋሙ እናገኛለን። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከእነዚህ ሰዎች አንዱን ለሳምንታት የማያቋርጥ ተቅማጥ ቢይዘው ምን እንጠርጥር?

ነገሩ እርስ በርሱ የሚጣረስ ይመስላል። ብግነት የሰውነት የመከላከል ኃይል ሲቆጣ የሚመጣ ነው፤ እነዚህ ሕሙማን ደግሞ ይህንኑ ኃይል የሚያበርድ መድኃኒት ይወስዳሉ። ታዲያ አንጀታቸው ስለ ምን ይቆጣል?

አንደኛው ምክንያት ተላላፊ በሽታ ነው። ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይቆይና መከላከያው ሲዳከም ነቅቶ ትልቁን አንጀት ያቆስላል። አንዳንድ ጊዜ በደም ምርመራ ሳይታይ በአንጀት ውስጥ ብቻ ይገኛል። በእኛ አገር አሜባ፣ ጃርዲያና የአንጀት ቲቢም አይዘነጉም፤ የአንጀት ቲቢ ከክሮንስ በሽታ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል።

ሁለተኛው ራሱ መድኃኒቱ ነው። ማይኮፌኖሌት ነጭ የደም ሕዋሳት እንዳይራቡ የሚያግደው የዘረመል ግብዓት የሚሠሩበትን መንገድ በመዝጋት ነው። በየጥቂት ቀኑ የሚታደሰው የአንጀት ሽፋንም በከፊል በዚሁ መንገድ ስለሚጠቀም ይጎዳል። ጉዳቱ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ክሮንስን ሊመስል ይችላል።

ሦስተኛውና እምብዛም የማይገጥመው፣ ከንቅለ ተከላው በኋላ አዲስ የሚጀምር እውነተኛ ክሮንስ ወይም አልሰሬቲቭ ኮላይተስ ነው። ይበልጥ የሚታወቀው የሐሞት ቱቦዎችን በሚያጠብ ሥር የሰደደ ብግነት ምክንያት ጉበት በተተከለላቸው ሰዎች ላይ ነው። መድኃኒቶቹ የመከላከልን ኃይል ሁሉንም ክንፍ እኩል አያበርዱም፤ ሚዛኑ ሲዛባ አንዱ ክንፍ ሊያይል እንደሚችል ይታሰባል።

ተቅማጡ ከመጎሳቆል ያለፈ አደጋ አለው። ታክሮሊመስን በከፊል የሚሰባብረው የአንጀት ግድግዳ ሲጎዳ፣ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይጨምራል። የመድኃኒቱ መብዛትና የፈሳሽ ማነስ ተባብረው ኩላሊቱን ይጎዱታል። ስለዚህ «አሜባ ነው» ብሎ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መዋጥ አይገባም። ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን የታክሮሊመስን መጠን ያንራሉ፤ የቲቢው ሪፋምፒሲን በአንጻሩ ክፉኛ ያወርደዋል። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ደግሞ ሰውነት የተተከለውን አካል እንዲገፋ በር ይከፍታል። ያ ኩላሊት ብዙ ጊዜ ከወንድም፣ ከእህት ወይም ከወላጅ የተሰጠ ነው፤ ቢጠፋ ምትኩ በቀላሉ አይገኝም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ያዙ፦ የሰገራ ምርመራ፣ በደም ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠንና የኩላሊት አቅም፣ የቫይረሱ ምርመራ፤ መንስኤው ካልታወቀ ኮሎኖስኮፒ። ሽፋኑ ለዓይን ጤናማ ቢመስልም ናሙና ይወሰድ። የመድኃኒት መጠን የሚቀነሰው ወይም የሚለወጠው በንቅለ ተከላ ሐኪሙ ውሳኔ ብቻ ይሁን።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።