ሽቦና አየር፦ የሚንቀራፈፍ ኔትወርክ እንዴት ይመረመራል?

«ኢንተርኔቱ ተንቀራፈፈ» ሲባል መጀመሪያ ጣት የሚቀሰረው በአገልግሎት ሰጪው ላይ ነው። አንዳንዴ እውነትም ጥፋቱ የእሱ ይሆናል። ከውጭ የገባው መስመር ሙሉ ፍጥነቱን ይዞ ራውተሩ ድረስ ከደረሰ በኋላ፣ ከራውተሩ ወዲህ ባለው ኬብልና ዋይፋይ ተበልቶ የሚቀርበት ጊዜም ግን ጥቂት አይደለም። ይህን ለይቶ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የቤቱን ወይም የቢሮውን ኔትወርክ አሠራር ማወቅና በቅደም ተከተል መለካት ነው።

የዛሬው ኔትወርክ ቅይጥ ነው። ከውጭ የመጣው ፋይበር ራውተሩ ጋር ይደርሳል፤ ከራውተሩ ወደ ስዊች፣ ከስዊቹ ደግሞ ወደ ዴስክቶፑ፣ ወደ ፕሪንተሩና ወደ ካሜራዎቹ ኬብል ይዘረጋል። ስልኩ፣ ላፕቶፑና ቴሌቪዥኑ ዋይፋይ ላይ ናቸው። ለተጠቃሚው ሁሉም አንድ «ኔት» ነው። ለሚመረምረው ሰው ግን ሽቦውና አየሩ የሚዘገዩበት ምክንያት ለየቅል ነው።

ልዩነቱ ከአመጣጣቸው ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1971 ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ በደሴቶች መካከል ኮምፒውተሮችን በሬዲዮ የሚያገናኝ አሎሃኔት የተባለ ኔትወርክ አስጀመሩ። ጣቢያዎቹ አንድ ሞገድ ስለሚጋሩ፣ ሁለቱ እኩል ከላኩ መልእክቶቹ ይጋጫሉ፤ ሁለቱም የተለያየ ጊዜ ጠብቀው እንደገና ይልካሉ። ይህን አሠራር ያጠናው ሮበርት ሜትካፍ በ1973 በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ሐሳቡን ወደ ኬብል አመጣውና ኢተርኔት ተወለደ። ያን ጊዜ ኬብሉም የጋራ ነበር፤ ማሽኖቹ ሁሉ በአንድ ወፍራም ሽቦ ላይ ተንጠልጥለው ተራ ይጠብቁ ነበር። ከ1990 ወዲህ ስዊች ሲስፋፋ እያንዳንዱ ማሽን የራሱን ሽቦ አገኘ፤ እየላከ መቀበልም ቻለ። በ1997 ደረጃ የወጣለት ዋይፋይ ግን ወደ አየር ስለተመለሰ ከተራ ጥበቃ አልወጣም። ስለዚህ ሽቦ ሲዘገይ መጠርጠር ያለበት ጉዳት ነው፤ ዋይፋይ ሲዘገይ ደግሞ መጨናነቅ ወይም ርቀት።

ከመለካት በፊት አንድ የሒሳብ ወጥመድ መታለፍ አለበት። አገልግሎት ሰጪዎች ፍጥነት የሚሸጡት በሜጋ ቢት ነው፤ ብዙ የማውረጃ ፕሮግራሞች ደግሞ የሚያሳዩት በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ በ40 ሜጋ ቢት መስመር ፋይል ሲወርድ ፕሮግራሙ 5 ቢያሳይ ማንም አልተጭበረበረም።

የመጀመሪያው ምርመራ ከውጭ የመጣውን ከውስጡ መለየት ነው። የላፕቶፑ ዋይፋይ ይጠፋል፤ ደህና በሆነ አጭር ኬብል በቀጥታ ከራውተሩ ጋር ይያያዛል፤ ሌሎቹ መሣሪያዎች ከኔት ይወርዳሉ፤ ከዚያ ፍጥነቱ ይለካል። የተገኘው ቁጥር ከተከፈለበት ጋር ከተቀራረበ የውጭው መስመር ነፃ ወጣ። በጣም ካነሰና ማታም ጠዋትም ተለክቶ ያው ከሆነ፣ ወደ አገልግሎት ሰጪው መደወል ተገቢ ነው።

መስመሩ ደህና ከሆነ ሽቦው ይከተላል። እዚህ ላይ ቁጥሩ ራሱ ይመሰክራል። የአንድ ጊጋ ቢት ግንኙነት በተግባር የሚያሳልፈው 940 ሜጋ ቢት ገደማ ነው፤ የ100 ሜጋ ቢት ግንኙነት ደግሞ 94 ገደማ ላይ ይቆማል። የ300 ሜጋ ቢት አገልግሎት ባለበት ቢሮ አንድ ኮምፒውተር በተለካ ቁጥር 94 አካባቢ ላይ ተገትሮ ከቀረ፣ ግንኙነቱ ከጊጋ ቢት ወደ መቶ ወርዷል ማለት ነው።

እንዴት ወረደ? ኬብሉ ጫፍ ላይ ያለውን ግልጽ የፕላስቲክ ኮኔክተር ወደ ብርሃን ይዞ ማየት ይበቃል። ውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረዋል፦ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቡናማ፣ እያንዳንዳቸው ነጭ ካለበት አጋራቸው ጋር። የ100 ሜጋ ቢት ግንኙነት የሚሠራው በአራቱ ሽቦዎች፣ በተለመደው አሰካክ በብርቱካናማውና በአረንጓዴው ጥንድ ነው። ጊጋ ቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። ቡናማው ሽቦ ሲቆረጥ አጥሮ የኮኔክተሩን ጥርስ ካልነካ፣ ሁለቱ መሣሪያዎች ድምፅ ሳያሰሙ ወደ መቶ ይወርዳሉ። መብራቱ ይበራል፣ ኢሜይሉ ይገባል፣ ፕሪንተሩ ያትማል፤ ማንም ችግር አለ ብሎ አይጠረጥርም። መፍትሔው ጫፉን ቆርጦ በአዲስ ኮኔክተር እንደገና መምታት ነው።

ኬብሉ ራሱም ሊዋሽ ይችላል። በርካሽ ከሚሸጡት መካከል መዳብ የተለበሰ አሉሚኒየም የሆኑ አሉ። የአንዱን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ፋቅ ሲያደርጉት ከቀዩ ሥር ነጭ ብረት ብቅ ካለ ምሥጢሩ ወጣ። እንዲህ ያለው ኬብል ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል፤ ረጅም ርቀት ላይም ይደክማል። በንጹሕ መዳብ እንኳ ቢሆን የአንድ ኬብል ርዝመት ከ100 ሜትር እንዳያልፍ ደረጃው ያዛል። ሌላው የተለመደ ጥፋት የአንድ ኬብል ሁለት ጫፍ በስህተት አንድ ስዊች ላይ ሲሰካ ነው። መልእክቱ ያለማቋረጥ እየዞረ ይባዛና ቢሮው ሁሉ ቀጥ ይላል። ራዲያ ፐርልማን በ1985 የፈጠረችው ስልት እንዲህ ያለውን ዙር ይዘጋዋል፤ ርካሽ ስዊቾች ግን ብዙውን ጊዜ የላቸውም።

ሽቦው ከጠራ በኋላ ተራው የዋይፋይ ነው። ዋይፋይ አንድ ሰው ብቻ በተራ እንደሚናገርበት የዕድር ስብሰባ ነው፤ አንዱ ቀስ ብሎ ከተናገረ የሚጠብቁት ሁሉ ይዘገያሉ። በቁጥር እንየው። ራውተሩ አጠገብ ያለ ላፕቶፕ በ300 ሜጋ ቢት ቢገናኝ፣ 12 ሜጋ ቢት መረጃ ለመቀበል አየሩን የሚይዘው የሰከንድ ሃያ አምስተኛ ያህል ነው። ከሦስት ግድግዳ ወዲያ በ6 ሜጋ ቢት የተገናኘ ስልክ ያንኑ መረጃ ለመቀበል አየሩን 2 ሰከንድ ይይዛል። ጓሮ ያለው አንድ ስልክ ሳሎን ያለውን ላፕቶፕ የሚያዘገየው በዚህ ምክንያት ነው። እንደ ዋይፋይ 6 ያሉ አዳዲስ ደረጃዎች አንዱን ተራ ለብዙ መሣሪያ ማካፈል ቢችሉም፣ የአየሩን የጋራነት አላስቀሩትም።

ጎረቤትም የስብሰባው ተካፋይ ነው። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ላይ ብዙ ቻናሎች ቢቆጠሩም ሳይደራረቡ ጎን ለጎን መሥራት የሚችሉት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። በኮንዶሚኒየም ሕንፃ ስልክ ከፍቶ የሚታዩትን የዋይፋይ ስሞች መቁጠር የመጨናነቁን ምክንያት ይነግራል። የ5 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ሰፋ ያለ ቦታ አለው፤ ግድግዳ ሲያልፍ ግን ቶሎ ይደክማል። ኮንክሪት ከነፌሮው ጉልበቱን ይቀንሰዋል፤ ቆርቆሮና ትልቅ መስታወት ደግሞ ያንጸባርቁታል። ራውተሩን ከቴሌቪዥን ጀርባ ወይም የብረት ካቢኔ ውስጥ መደበቅ ለዓይን ቢያምርም ለሞገዱ ግን እስር ነው። ከፍ ያለና ለቤቱ መሐል የቀረበ ቦታ ይሻላል።

ሲግናል ላልደረሰበት ክፍል ብዙ ሰው ሪፒተር ይገዛል። ሪፒተሩ በአንድ ሬዲዮ የሰማውን በዚያው ሬዲዮ መልሶ ስለሚናገር ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሲግናል በሞተበት ክፍል ውስጥ ከተሰካ ደግሞ የሚደግመው የሞተውን ነው። አስተማማኙ መንገድ ኬብል ስቦ በሩቁ ክፍል አክሰስ ፖይንት ማቆም ነው። እዚህ ላይ ሽቦ የአየርን ድካም ያግዛል።

የፍጥነት መለኪያው መልካም ቁጥር እያሳየ የቪዲዮ ጥሪ የሚቆራረጥበት ጊዜም አለ። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ወደ ውጭ የሚላከው መረጃ ነው፤ ስልኮች ፎቶ ወደ ደመና ሲያስቀምጡ ወይም ካሜራዎች ቪዲዮ ሲልኩ የመላኪያው አቅጣጫ ይሞላል። ራውተሩ ወረፋውን ያለ ልክ ስለሚያስረዝመው የምላሽ ጊዜው ከ20 ሚሊ ሰከንድ ወደ ብዙ መቶዎች ያሻቅባል። የፒንግ ትእዛዝ ከፍቶ ትልቅ ፋይል መላክ ይህን ወዲያው ያጋልጣል። ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን በ2012 ያቀረቡት ኮዴል የተባለ ስልት ወረፋውን ያሳጥረዋል፤ ራውተሩ ይህን ወይም መሰሉን ከያዘ፣ መላኪያውን ከመስመሩ ፍጥነት ጥቂት ዝቅ አድርጎ መወሰን ጥሪውን ያረጋጋዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ምክር አጭር ነው። የማይንቀሳቀስ መሣሪያ ሁሉ ኬብል ላይ ይሁን፤ ቴሌቪዥኑ፣ ዴስክቶፑና ካሜራው ከዋይፋይ ሲወርዱ አየሩ ለስልኮቹ ይለቀቃል። ኔትወርኩ ደህና በሆነበት ቀን ደግሞ ሦስት ቁጥሮች ተለክተው ይመዝገቡ፦ ከራውተሩ በቀጥታ፣ ከሩቁ የኬብል ጫፍ፣ ከዋይፋይ። ኋላ ሲዘገይ እንደገና ተለክተው ይነጻጸሩ። ቀድሞ የወረደው ቁጥር ጥገናው ከየት እንደሚጀምርና ወጪው የማን እንደሆነ ይናገራል፤ ባለቤቱም የኬብል ጫፍ በማስመታት የሚድን ኔትወርክ ላይ ውድ ፓኬጅ ከመግዛት ይተርፋል።