ያውቁ ኖሯል? ከእርሳስ እስከ ምርጫ ኮሮጆ፦ የመብትና የማንነት ጉዶች

በአፓርታይድ ዘመን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሰው ዘር በእርሳስ ይመረመር እንደነበር ያውቁ ኖሯል? እርሳሱን ጸጉር ውስጥ ይሰኩታል። ሾልኮ ከወደቀ ሰውየው «ነጭ» የመባል ዕድል አለው፤ ተሰክቶ ከቀረ አለቀለት! የሚኖርበት ሰፈር፣ የሚማርበት ትምህርት ቤት፣ የሚያገባት ሴት ሳይቀር በዘር መዝገቡ ይወሰናል። የአንድ ቤት ልጆች በተለያየ ዘር የተመዘገቡበት ጊዜም ነበር!

አሜሪካም ከዚህ አልራቀችም! በ1922 (ዓ.ም. ካልተባለ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ታካኦ ኦዛዋ የተባሉ ጃፓናዊ ዜግነት ፍለጋ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሱ። በሕጉ «ነጭ» መሆን ያስፈልግዎታል፤ ነጭ ማለት ደግሞ ካውካሳዊ የሚባለው ዘር ስለሆነ አይገባዎትም ተባሉ። ሦስት ወር ቆይቶ ባጋት ሲንግ ቲንድ የተባሉ ሕንዳዊ እኔ ካውካሳዊ ነኝ ብለው ቀረቡ። ያው ፍርድ ቤት ምን ቢል ጥሩ ነው? ካውካሳዊ ቢሆኑም ተራው ሰው ነጭ አይልዎትም! ሁለቱም ተረቱ።

አራት አሻንጉሊቶች የአንድን አገር ሕግ ለመለወጥ እንደረዱስ? ኬኔትና ማሚ ክላርክ የተባሉ ባልና ሚስት ከቀለማቸው በቀር አንድ ዓይነት የሆኑ አሻንጉሊቶችን ለጥቁር ሕፃናት አቀረቡ። ጥሩዋ የትኛዋ ናት? አብዛኞቹ ነጯን አነሱ! አንተን የምትመስለው የትኛዋ ናት ሲባሉ ደግሞ እያለቀሱ የወጡ ነበሩ። በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን መለያየት ሲሽር ስለዚህ ጥናት የሚያወሳውን የኬኔትን ጽሑፍ በግርጌ ማስታወሻው ጠቀሰ!

ስም ብቻውን እንጀራ ያሳጣል! ቦስተንና ቺካጎ ውስጥ ወደ 5,000 የሚጠጉ የሥራ ማመልከቻዎች ለቀጣሪዎች ተላኩ። ትምህርቱም ልምዱም ተመጣጣኝ ነው፤ የሚለየው ስሙ ብቻ! የነጭ ስም የያዘው በየ10 ማመልከቻው አንዴ ሲደወልለት፣ የጥቁር አሜሪካዊ ስም የያዘው አንድ ጥሪ ለማግኘት 15 ማመልከቻ አስፈለገው። የነጭ ስም የስምንት ዓመት የሥራ ልምድ ያህል ዋጋ አወጣ!

ሰው በወረቀት ላይ ከፊት ለፊቱ ይልቅ ሊከፋ ይችላል! በ1930ዎቹ ሪቻርድ ላፒዬር የተባሉ የሶሺዮሎጂ መምህር ከቻይናውያን ባልና ሚስት ጋር አሜሪካን አቋርጠው ተጓዙ። ሆቴልና ምግብ ቤት ሲባል 251 ቦታ ገቡ፤ አንቀበልም ያላቸው አንድ ብቻ! በኋላ እነዚያኑ ቤቶች ቻይናዊ ትቀበላላችሁ ወይ ብለው በደብዳቤ ጠየቁ። መልስ ከሰጡት ከ10 ዘጠኙ በላይ አንቀበልም አሉ!

ለጠብ ምክንያት እንደማያስፈልግ ያውቁ ኖሯል? የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሄንሪ ታጅፈል በእንግሊዝ ብሪስቶል ከተማ የትምህርት ቤት ልጆችን ለሁለት ከፈሉ። እናንተ የሠዓሊው ክሌን ሥዕል፣ እናንተ የካንዲንስኪን ወደዳችሁ ተባሉ። ክፍፍሉ ግን ዕጣ ነበር! ልጆቹ ገንዘብ አከፋፍሉ ሲባሉ ማን እንደሆነ ለማያውቁት የ«ወገናቸው» ልጅ አደሉ። ሌላውን ቡድን በልጦ ለመታየት ሲሉ የራሳቸውን ቡድን ድርሻ እስከመቀነስም ደረሱ!

ቼዋና ቱምቡካ በማላዊም በዛምቢያም የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው። የእያንዳንዳቸው ቋንቋና ባህል ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ያው ነው! ማላዊ ውስጥ ግን የፖለቲካ ባላንጣ ናቸው፤ ጋብቻቸውም ይከብዳል። ድንበሩን ተሻግረው ዛምቢያ ሲገቡ ወዳጅ ሆነው ያገኟቸዋል! ምሥጢሩ ቁጥር ነው። ማላዊ ላይ ሁለቱም ሥልጣን ለመፎካከር ይበቃሉ፤ ሰፊዋ ዛምቢያ ላይ ግን ሁለቱም ትንሽ ናቸውና ይተባበራሉ። ድንበሩን ያሰመሩት ደግሞ ቅኝ ገዢዎች!

ሙስሊሙ እግር ኳሰኛ ሞሐመድ ሳላህ ጎል ብቻ አይደለም ያገባው! በ2017 ሊቨርፑል ከገባ በኋላ በአካባቢው የጥላቻ ወንጀል ከሚጠበቀው በ16 በመቶ ቀነሰ። የሊቨርፑል ደጋፊዎች በትዊተር የሚጽፉት ፀረ ሙስሊም መልእክትም ከሌሎች ክለቦች ደጋፊዎች አንጻር በግማሽ ወረደ! ስንት ስብከት ያላመጣውን አንድ ግራ እግር አመጣው!

የአፍሪካ ዋንጫስ? ብሔራዊ ቡድን ባሸነፈ ማግስት ማንነታቸውን የሚጠየቁ አፍሪካውያን ከብሔራቸው ይልቅ አገራቸውን የማስቀደም ዝንባሌያቸው ይጨምራል! ለዋንጫው ለጥቂት ያለፉ አገሮችም ለጥቂት ከወደቁት ያነሰ ግጭት ታይቶባቸዋል። አንዲት ጎል ይህን ያህል ትሠራለች!

ሩዋንዳ ውስጥ ሁቱና ቱትሲ የሚለውን መለያ በ1930ዎቹ በመታወቂያ ላይ ያተሙት የቤልጅየም ገዢዎች ናቸው። በ1994ቱ የዘር ጭፍጨፋ በየኬላው ሞትና ሕይወትን የለየችው ያቺው ካርድ ነበረች። ዛሬ ያ መስመር ከመታወቂያው ተፍቋል። ይህችው አገር በ2008 ከዓለም የመጀመሪያውን ሴቶች የሚበዙበት ፓርላማ መሠረተች!

ኢትዮጵያዊቷ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ፓርላማ ሲገቡ የስዊዘርላንድ ሴቶች በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ መስጠት አይችሉም ነበር! ስንዱ በ1957 ገቡ፤ ስዊዘርላንድ ለሴቶቿ የፈቀደችው በ1971 ነው። አፔንዘል ኢነርሮደን በተባለችው ካንቶን ወንዶች ጎራዴ ታጥቀው አደባባይ ይወጡና እጅ በማውጣት ይወስኑ ነበር፤ ጎራዴውም የመምረጥ መብት ማስረጃቸው ነበር። በ1990 እንኳ በካንቶኗ ጉዳይ ሴቶች አይምረጡ አሉ! እጃቸውን የጠመዘዘው ፍርድ ቤት ነው።

የእናት ድምፅ ሕፃን ያድናል! አሜሪካ ውስጥ ክፍለ ግዛቶች ለሴቶች የመምረጥ መብት በሰጡ ማግስት ለሕዝብ ጤና የሚወጣው ገንዘብ አደገ። የሕፃናት ሞትም ከ8 እስከ 15 በመቶ ቀነሰ!

ሕንድ በ1993 የመንደር ሊቀ መንበርነትን ሲሶ ለሴቶች ለየች። የትኛው መንደር ሴት ይምራው የሚለው በዕጣ ወደቀ። ሴት የደረሳቸው መንደሮች የመጠጥ ውኃ በብዛት አገኙ! ዌስት ቤንጋል ውስጥ ደግሞ ሴት መሪ ያዩ ልጃገረዶች በትምህርት ከወንዶቹ ጋር የነበራቸው ልዩነት ጠፋ!

የምርጫ ማሽን የሕፃን ክብደት ይጨምራል ቢባሉ ያምናሉ? ብራዚል ውስጥ መራጩ የዕጩውን ስም ወይም ቁጥር በወረቀት ይጽፍ ነበር፤ መጻፍ የማይችለው ድኻ ድምፁ ይባክናል። ከዚያ ቁጥር ሲጫኑ የዕጩውን ፎቶ የሚያሳይ ማሽን መጣ። የድኻው ድምፅ ተቆጠረ! ለጤና የሚመደበው በጀት አደገ፤ ያልተማሩ እናቶች የእርግዝና ክትትላቸው ጨመረ፤ ክብደታቸው አንሶ የሚወለዱ ሕፃናትም ቀነሱ!

ዩጋንዳ ውስጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ለትምህርት ቤቶች ከሚልከው ድጎማ በአማካይ 13 በመቶው ብቻ ይደርስ ነበር! ሌላው መንገድ ላይ ይቀራል። በኋላ የሚላከው ገንዘብ በየጊዜው በጋዜጣ ይታተም ጀመር። የሚደርሰው ከ80 በመቶ አለፈ!

ጀርመንና ኦስትሪያ ጎረቤት ናቸው፤ ቋንቋቸውም አንድ። ከሞት በኋላ የአካል ክፍል ለመለገስ የተስማሙት በጀርመን 12 በመቶ፣ በኦስትሪያ 99.98 በመቶ ሆነው ተገኙ! ኦስትሪያውያን ደግ ስለሆኑ እንዳይመስልዎት። ጀርመን ውስጥ ለመለገስ መፈረም ያስፈልግ ነበር፤ ኦስትሪያ ውስጥ ላለመለገስ!

ወደ አገር ቤት እንምጣ! በወሎው ረኃብ ጊዜ በ1965 ዓ.ም. እህል ከወሎ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ ነበር! ደሴ ገበያ ላይ ዋጋው እንኳ እምብዛም አልናረም። ገበሬው መሸመቻ ገንዘብ አጥቶ ነበርና! የምጣኔ ሀብት የኖቤል ተሸላሚው አማርትያ ሴን ረኃብ የመብት ጉዳይ ነው ለማለት ከጠቀሷቸው ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ነው።

በቀድሞው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል ሚስቱን ከቤት ውጭ እንዳትሠራ መከልከል ይችል እንደነበርስ ያውቁ ኖሯል? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሻረ፤ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜንም ከ15 ወደ 18 ከፍ አደረገ። ሕጉ ቀድሞ በደረሰባቸው አካባቢዎች ከቤት ውጭ የሚሠሩ ሴቶች ካልደረሰባቸው ይልቅ በዙ!

ኢትዮጵያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 20 ሚሊዮን ማሳዎችን መዝግባለች! ወጪው ለአንድ ማሳ አንድ ዶላር ገደማ! አማራ ክልል ውስጥ በይዞታ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ይለጠፋል። ደብተር የያዙ ገበሬዎችም በአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ በረቱ!

ቤተ እስራኤል ለብዙ ዘመን አይሁድነታቸው ሲያከራክር ኖሯል። በ1973 የሴፋርዲው ዋና ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ የዳን ነገድ ናቸው ብለው ወሰኑ። በ1975 የእስራኤል መንግሥት የመመለስ መብታቸውን ተቀበለ። የራቢው ቃል በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች የአገር በር ከፈተ!

ዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በ1948 ሲጸድቅ 48 አገሮች ደግፈውታል። ከአፍሪካ የደገፉት ኢትዮጵያ፣ ግብጽና ላይቤሪያ ናቸው፤ ደቡብ አፍሪካ ድምፀ ተዓቅቦ አደረገች!

እንግዲህ እርሳስ፣ ካርድ፣ ፎቶ፣ አንዲት ፊርማ፦ የሰውን ዕጣ የወሰኑት እነዚህ ናቸው! ነገ ቀበሌም ሆነ ኢሚግሬሽን ሄደው ፎርም ሲሰጥዎት ከመሙላትዎ በፊት እያንዳንዷን ሳጥን ደግመው ያንብቧት። ለምን እንደተጠየቁም ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው!