ቤት ሲቀይሩ ውሻውንና ድመቷንስ?

አዲስ ሥራ መገኘቱ ለቤተሰብ ሁሉ የምሥራች መሆኑ አይካድም። ሆኖም ሥራው ከከተማው ዳር ወይም ከከተማው ውጭ የሆነ እንደሆነ፣ የደስታው ሳምንት ካለፈ በኋላ «የት ብንከራይ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ቤቱን ይሞላዋል። አባት ስለ ኪራዩ፣ እናት ስለ መንገዱ፣ ልጆች ስለ ትምህርት ቤታቸው ያስባሉ። ከግቢው በር ሥር ተኝቶ ስለሚጠብቀው ውሻና ከምድጃው አጠገብ ስለምትሞቀው ድመት የሚያነሣ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። የሚታወሱት ዕቃው ተጭኖ፣ ሾፌሩ «በሉ እንሂድ» እያለ ሲጣደፍ ነው።

«ለሰው ቤት በጠፋበት ዘመን ስለ ውሻ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ አንባቢያን እንደሚኖሩ እንገምታለን። ነገሩን ግን ረጋ ብሎ ማየት ይገባል። በአዲስ አበባ ውሻ በአብዛኛው ለጌጥ የሚያዝ እንስሳ አይደለም። እናትና አባት ሥራ ውለው ሲያመሹ ቤቱን የሚጠብቀው፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱም ቀድሞ የሚቀበላቸው እሱ ነው። ድመቷም ብትሆን የአይጥ ጠላት ናት። ከዚህም በላይ፣ ባለቤቱ ጥሎት የሄደ ውሻ መንገድ ላይ ይቀራል። በየሰፈሩ በመንጋ ሲዞሩ የምናያቸው ውሾች ከሰማይ የወረዱ አይደሉም፤ ከመካከላቸው ትናንት ስም የነበራቸው፣ ሲጠሩ እየሮጡ የሚመጡ ይገኙባቸዋል። ባለቤት አልባ ውሾችን በመርዝ የማስወገድ ዘመቻ በከተማይቱ በተለያዩ ጊዜያት ተካሂዷል። ከመርዙ ያመለጠና ክትባት ያላገኘ ውሻ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታን ለሌላዋ እናት ልጅ ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ጉለሌ አካባቢ የምትኖር የሁለት ልጆች እናት፣ በዱከም በሚገኘው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ሥራ አገኘች እንበል። ባሏ መርካቶ ይሠራል። ቤቷ አንድ ውሻና አንዲት ድመት አሉ። ዱከም ከአዲስ አበባ መሐል በስተደቡብ ምሥራቅ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከጉለሌ እየተመላለስኩ ልሥራ ብትል ከተማውን ከሰሜን እስከ ደቡብ ማቋረጥ አለባት፤ ገና ሳይነጋ ወጥታ፣ ማታ ልጆቿን ተኝተው ልታገኛቸው ነው። መዛወሩ ግድ ይሆናል ማለት ነው። ታዲያ ወዴት?

ደላላው መጀመሪያ የሚነግራት ስለ ዱከም ነው። እውነትም ሥራዋ በእግር ይደረሳል፤ ሰፋ ያለ ግቢም አይጠፋም። ነገር ግን የእናትየዋ መንገድ ሲያጥር የአባትየው ይረዝማል። የልጆቹም ነገር አለ። ዱከም በኦሮሚያ ክልል የምትገኝ ከተማ ስለሆነች፣ በአማርኛ ሲማር የቆየ ልጅ በዚያ በሚገባበት ትምህርት ቤት ትምህርቱ በምን ቋንቋ እንደሚሰጥ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን ከሚያከራየው ደላላ ሳይሆን ከትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ይጠይቁ።

ሁለተኛው ምርጫ የቱሉ ዲምቱና የገላን አካባቢ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ናቸው። ክፍሎቹ ንጹሕ፣ የራስ መጸዳጃና ማብሰያ ያላቸው ስለሆኑ የብዙ እናቶች ልብ ወደዚያ ይሄዳል። ለድመት አይከፉም። ለግቢ ውሻ ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት በረንዳ እስር ቤት ናት። ቀኑን ሙሉ ብቻውን የተዘጋበት ውሻ ይጮኻል፤ ጩኸቱንም ሕንጻው በሙሉ ይሰማዋል። በሌሊት ፈረቃ ሠርታ የመጣች ጎረቤት ልትተኛ ስትል ይህን ብትሰማ መቆጣቷ አይፈረድባትም። በደረጃው ላይ ውሻ እንዲነካቸው የማይፈልጉም አሉ፤ በእምነታቸውም በልማዳቸውም ምክንያት ነውና ሊከበርላቸው ይገባል። ስለዚህ ወደ ጋራ መኖሪያ ቤት የሚገቡ ከሆነ የሕንጻውን ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ አስቀድመው ይጠይቁ። ደንቡ ቢፈቅድ እንኳ ጠዋትና ማታ ውሻውን ይዞ የሚወርድ ሰው ማን እንደሆነ በቤተሰብ ይነጋገሩ። «ልጆቹ ያወርዱታል» የሚለውን መልስ እኛ አናምንበትም፤ አንድ ሳምንት ያወርዱታል።

ሦስተኛው የቃሊቲ፣ የአቃቂና የሳሪስ ነባር ሰፈሮች ናቸው። እዚህ የሚገኘው ቤት ብዙ ጊዜ ከአከራይ ጋር በአንድ ግቢ ነው። ቤቱ ያረጀ፣ ክፍሉ የጠበበ ሊሆን ይችላል። ዋናው መንገድም የከባድ መኪና መንገድ ስለሆነ ለሕፃንም ለውሻም አደገኛ ነው። ነገር ግን አንድ ደላላ የማይናገረው ጥቅም አለ። ጠዋት አብዛኛው መኪና ከዳር ወደ መሐል ከተማ ሲጎርፍ ዱከም የምትሠራው እናት የምትሄደው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። በኪሎ ሜትር ሲለካ የራቀ የሚመስለው ሰፈር በሰዓት ሲለካ ሊቀርብ ይችላል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር የደቡብ መስመሩ ጫፍ ቃሊቲ በመሆኑም፣ ለባሏ ወደ መርካቶ የሚያደርስ ሌላ መንገድ ይሆናል፤ የባቡሩን የመመላለሻ ሰዓት ግን ራስዎ ፌርማታው ላይ ቆመው ይዩት። ድርጅቱ ሰርቪስ ካለውም መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሰርቪሱ ሠራተኛ የሚያነሣው ከየት እንደሆነ ነው። በእኛ አስተያየት፣ ባልና ሚስት በሁለት አቅጣጫ ለሚሠሩበትና ውሻ ላለበት ቤተሰብ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ የቃሊቲ ወይም የሳሪስ ግቢ ከሌሎቹ ይሻላል።

ይሁንና ሰፈር በስም አይመረጥም። ደላላ ቤት የሚያሳየው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ መንገዱ ጭር ሲል ነው። እርስዎ ግን በሥራ ቀን፣ ወደ ሥራ በሚወጡበት ሰዓት እዚያው ሰፈር ተገኝተው ትራንስፖርት ይጠብቁ። ስንት ደቂቃ እንደቆሙ በእጅ ሰዓትዎ ይቁጠሩ። ማታም ከሥራ በሚመለሱበት ሰዓት ይምጡ፤ ከፌርማታው እስከ ቤቱ ያለው መንገድ መብራት አለውን? ውኃው በፈረቃ ከሆነ የሚመጣው በየትኛው ቀን ነው? ይህን ሁሉ ከግቢው ነባር ተከራዮች ያገኙታል።

ውሻ ያለው ሰው ደግሞ ጨልሞ ሳለም አንድ ጊዜ መምጣት አለበት። የአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች ጅብ የሚመላለስባቸው ናቸው። በተለይም ገና ቤት ያልተሠራበት ሜዳ፣ ወንዝ ወይም ቆሻሻ መጣያ አጠገብ የሆነ ግቢ ለውሻ አያስተማምንም። አጥሩን በዓይንዎ ብቻ ሳይሆን በእጅዎ ይፈትሹት። ቆርቆሮው ከሥሩ ተበልቷልን? በበሩና በመሬቱ መካከል ያለው ክፍተት ምን ያህል ነው? አጥሩ በማያስተማምን ግቢ ውስጥ ሌሊት በሰንሰለት የታሰረ ውሻ መሸሽ ስለማይችል ለጅብ የተዘጋጀ ራት ነው። ሌሊት የሚዘጋበት ጠንካራ ቤት ሊሠራለት ይገባል። ወንዝ ካለም ውሻውን ከወንዙ አያጠጡት፤ የአቃቂ ወንዝ ከፋብሪካዎችና ከየቤቱ በሚለቀቅ ፍሳሽ የተበከለ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ግን አከራይ ነው። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ቤት ስቀይር አከራይዋ «ውሻ? ምን ችግር አለው? እንዲያውም ይጠብቀናል» ብለውኝ ነበር። ቃሉ በአፍ ቀረ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሌሊት ጮኸ ተብሎ «ወይ እሱን ወይ ቤቱን» የሚል መልእክት መጣ። የስድስት ወር ኪራይ ቀድሜ ከፍዬ ስለነበር ቤቱን መልቀቅ አልቻልኩም። ቡቺን ለአንድ የመጋዘን ዘበኛ ሰጠነው። በሁለተኛው ቅዳሜ ልንጠይቀው ስንሄድ «ገመዱን በጥሶ ሄደ» ተባልን። የስምንት ዓመት ልጄ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ በመንገድ የሚያልፍ ቡናማ ውሻ ባየ ቁጥር «ቡቺ! ቡቺ!» እያለ ይጣራ ነበር። ይህን የምጽፈው አከራይዋን ለመውቀስ ብቻ አይደለም፤ እኔም በወረቀት ይስፈርልኝ አላልኩም።

ዛሬ ወረቀቱን ለመጠየቅ የተሻለ መብት አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ ተደርጎ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። በዚሁ ውል ላይ «ከተከራይዋ ጋር አንድ ውሻና አንዲት ድመት ይኖራሉ» የሚል አንድ መስመር ይጨመርልኝ ይበሉ። አከራዩ ቢያንገራግር ያኔውኑ አወቁት ማለት ነው፤ ዕቃ ሳይጫን ማወቅ ይሻላል። ውል ከመፈረምዎ በፊትም ውሻውን ይዘው ሄደው ያሳዩት። በግቢው የአከራዩ ውሻ ካለ ሁለቱ መስማማታቸው ያን ጊዜ ይለያል።

ከጉዞው ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ውሻውንም ድመቷንም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስከትቧቸው። ክትባቱ ሦስት ወር ከሞላቸው ጀምሮ ይሰጣል፤ በየዓመቱም ይታደሳል። የክትባቱን ካርድ ከልጆቹ ካርድ ጋር ያስቀምጡት፤ አዲሱ ጎረቤት ሲጠይቅ ከመሐላ ይልቅ ካርድ ይበልጣል። በአዲሱ ሰፈር ልጅዎን ያልታወቀ ውሻ ቢነክሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥበው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልምና «እስቲ ይቆይ» አይባልም።

ውሻውን መውሰድ ፈጽሞ የማይቻል ከሆነስ? እንዲህ ያለ ጊዜ አለ፤ እናትየዋን መኮነን አይገባም። ነገር ግን በቄራ ወይም በገበያ አጠገብ «ሥጋ አያጣም» ብሎ መጣል መፍትሔ አይደለም። ለሚያውቁት ሰው፣ በአጥር ውስጥ ለሚኖር፣ ከነካርዱ ይስጡት። ከመስጠትዎ በፊትም ሁለት ሦስት ጊዜ አብረውት እዚያ ቤት ይዋሉ። ልጆቹ እንዲሰናበቱት ያድርጉ እንጂ ተኝተው ሳለ አይውሰዱት።

በጉዞው ቀን ውሻው ከዕቃው ጋር በአይሱዙ ጀርባ ላይ አይጫን፤ ቁም ሣጥን ሊወድቅበት ወይም ሊዘል ይችላል። የሚያውቀው ሰው በገመድ ይዞት ከሾፌሩ አጠገብ ይቀመጥ። ለዚህም ሾፌሩን ሲዋዋሉ ይንገሩት። ጠዋት ብዙ ምግብ አይስጡት። ድመቷን ጫኝና አውራጆች ሳይመጡ ገና በማለዳ አንድ ክፍል ውስጥ ይዝጉባት፤ ግርግሩ ከተጀመረ በኋላ ድመት የሚይዝ ሰው የለም። ክዳን ባለው ቅርጫት ወይም በተበሳሳ ካርቶን፣ የለመደችው ጨርቅ ተነጥፎላት ትጓዝ።

አዲሱ ቤት ሲደርሱ ውሻው ለጥቂት ቀናት ከግቢ አይውጣ። ድመቷ ግን ከዚያ የበለጠ ጊዜ ያስፈልጋታል። ውሻ ሰውን ይከተላል፤ ድመት የምትከተለው ቤቱን ነውና ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ከቤት እንዳትወጣ ያድርጉ። አፈር ያለበት ሣጥን በጥግ ያስቀምጡላት። መጀመሪያ የምትለቀቀውም ከራቷ በፊት፣ ርቧት ሳለ ይሁን፤ ሳህኑ ሲንኳኳ ትመለሳለች። አዲሱን ስልክ ቁጥርዎንም ለቀድሞ ጎረቤቶችዎ ይተዉላቸው። ድመቷ አንድ ቀን ጠፍታ ከቀረች ምናልባት የቀድሞው ቤትዎ ጣሪያ ላይ ትገኝ ይሆናል።