ለጣና ነጭ ዓሣ ሐይቁ ብቻውን አይበቃውም

ባሕር ዳር ገበያ ላይ «ነጭ ዓሣ» ተብሎ የሚሸጠው አንድ ዓይነት ዓሣ ይመስላል። በስሙ ውስጥ ግን 15 የሚደርሱ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹም የጣና ብቻ ናቸው። ሳይንስ ላቤኦባርበስ ይላቸዋል። የዘር ሐረጋቸው ከወንዝ ዓሣ ይመዘዛል። 40 ሜትር ያህል የሚወረወረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ካሉት የዓባይ ዓሦች ስለለያቸው፣ ሐይቁ ውስጥ ለብቻቸው ተባዝተው ሲሳዩን ተከፋፈሉት። አንዱ ከጭቃው ነፍሳት ይለቅማል፤ ሌላው የውኃ ዕፅዋት ይበላል፤ ስምንቱ ደግሞ ዓሣ አዳኞች ናቸው። እነሱ የሚመደቡበት ቤተሰብ ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ስለሌላቸው፣ ከመካከላቸው ይህን ያህል አዳኝ መውጣቱ በእጅጉ ያስደንቃል። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ የነበረው መሰል ስብስብ በአብዛኛው ጠፍቷል። ዛሬ በዓለም ላይ እንዳለ የቀረው የጣናው ነው።

እነዚህን ዓሦች መጠበቅ የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፦ ሐይቁ ብቻውን አይበቃቸውም። ቢያንስ ሰባቱ ዝርያዎች ሐይቁ ውስጥ አድገው ወንዝ ውስጥ ይራባሉ። የክረምቱ ሙላት ሲመጣ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በድርማና በሌሎችም ገባሮች አፍ ይሰበሰቡና ሽቅብ ይወጣሉ። እናቷ ቤት ሄዳ እንደምትወልድ ሴት፣ ወደ ጥንት መነሻቸው ይመለሳሉ።

የሚፈልጉት ጠጠር ነው። ከደፈረሰው ዋና ወንዝ ወጣ ብለው፣ ጠራ ያለና ፈጠን ብሎ የሚወርድ ውኃ ወዳለባቸው ትንንሽ ጅረቶች ይገባሉ። ሴቷ እንቁላሏን ጠጠሩ ላይ ትጥላለች፤ እንቁላሉም በጠጠሮቹ መሀል ይሸሸጋል። ኦክስጅን የሚያገኘው በዚያ ክፍተት ከሚያልፈው ውኃ ነው። ክፍተቱን ደለል ከደፈነው፣ ወይም ውኃው በድንገት ጎድሎ ጠጠሩ ከደረቀ፣ እንቁላሉ ይሞታል። የተፈለፈሉት ጫጩቶችም ወደ ሐይቁ የሚወርዱበት ክፍት መንገድ ያስፈልጋቸዋል።

ይህ ጉዞ ለአስጋሪ ያጋልጣቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ሲስፋፋ፣ ወንዝ አፍ ላይ የተሰበሰበውን ዓሣ ማፈስ ቀላል ሆነ። ሽቅብ የወጣውን ደግሞ ዓሣ በሚያሰክረው የብርብራ ፍሬ የሚይዙ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ብቻ የነጭ ዓሣው ብዛት በ75 በመቶ ገደማ ማሽቆልቆሉን ተመራማሪዎች መዝግበዋል።

ዛሬ ግን ጉዳዩ ከመረብ አልፎ ውኃው ራሱ ዘንድ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1996 ሥራ የጀመረው የጨረጨራ ግድብ ከሐይቁ የሚወጣውን ውኃ ለጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ እየመጠነ እንዲለቅ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ድርቁና ለኃይል የተለቀቀው ውኃ ተደምረው ሐይቁን ታይቶ በማይታወቅ ሁኔታ አጎደሉት። መርከቦች ቆሙ፤ ደንገሉ ተመናመነ፤ ከውኃ የወጣውም ዳርቻ ታረሰ። ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚራባው፣ ትንንሽ ዓሦችም የሚደበቁት በዚሁ ዳርቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣና በለስ የሐይቁን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይወስዳል። በገባሮቹ በኩል የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ለማጠጣት ተሠርቷል፤ የርብ ግድብም የተሠራው ዓሦቹ ከሚወጡባቸው ወንዞች በአንዱ ላይ ነው።

የወንዝ ግድብ የሚጎዳው መንገድ በመዝጋት ብቻ አይደለም። ሙላቱን ይይዛል፤ ሙላቱ ግን ለዓሦቹ የጉዞ ጥሪ ነው፣ ደለሉን ከጠጠሩ የሚያጥበውም እሱ ነው። ከላይ የሚወርደውን አዲስ ጠጠር ያስቀራል። ከግድቡ በታች ለግንባታ አሸዋና ጠጠር ሲዛቅ፣ በበጋም ፓምፖች የቀረውን ውኃ ሲስቡ ጉዳቱ ይደራረባል።

መስኖም መብራትም የሚያስፈልገን ነገር ነው። ለዓሦቹ የሚጠየቀውም ከዚያ ጋር አብሮ መሄድ የሚችል ነው። ግድቦች በክረምቱ ወራት በቂ ውኃ ይልቀቁ፤ ሲቀንሱም ቀስ በቀስ ይቀንሱ። ያልተገደቡ ገባሮች ክፍት ይቆዩ። የሚራቡበት ጠጠር አይዛቅ፤ ደለል እንዲቀንስ የወንዝ ዳር ሣርና ዛፍ ይጠበቅ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወንዝ አፍ ላይ መረብ አይዘርጋ፤ ያን ጊዜ አስጋሪው በሐይቁ ሌላ ቦታ መሥራት ይችላል።

የውኃ ዕቅድ ስንት ሜትር ኩብ እንዳለ ብቻ ቢቆጥር ዓሣውን አያድነውም። ውኃው መቼ፣ በየትኛው ወንዝና በምን ዓይነት ጠጠር ላይ እንደሚፈስ አብሮ መጻፍ አለበት። የጠፉትን የላናኦ ዓሦች መመለስ አይቻልም፤ የጣናን ለማትረፍ ግን ጊዜው አላለፈም።